ረቡዕ ያሸነፍነው ጨዋታ

የጓደኛዬ እናት የሞቱት ኮሌጃችን ግማሽ ፍጻሜ ሊጫወት አንድ ቀን ሲቀረው ነው፤ ማክሰኞ ንጋት ላይ። ጓደኛዬ ባሕር ዳር ነበረች፣ እኔ ዳንግላ። መሞታቸውን ከእሷ በፊት የሰማሁት እኔ ነኝ። መስማት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ዓመት አብሮኝ ባልኖረ።

ኮሌጃችን ትንሽ ነበር። ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ በባሕር ዛፍ የተከበበ ግቢ፣ ጣሪያቸው የዛገ አራት ረጃጅም ቤቶች፣ አንድ ወርክሾፕ፣ ከወርክሾፑ ኋላ ደግሞ የቅርጫት ኳስ ሜዳ። ሜዳው ሲሚንቶ ነው፤ በአንዱ ጥግ ተሰነጣጥቆ ሣር በቅሎበታል። ከሁለቱ ቅርጫቶች አንዱ ወደ ግራ ያዘነበለ ስለነበር የኛ ልጆች ወደዚያ ሲወረውሩ ትንሽ ወደ ቀኝ አሳልፈው መወርወርን ለምደው ነበር። ሌላ ሜዳ ላይ ሲጫወቱ ይኸው ልማድ ያስቸግራቸዋል እየተባለ ይቀለድ ነበር።

እኔ የምማረው የጽሕፈት ሥራ ነበር፣ ጓደኛዬ ደግሞ ቅየሳ። በአንደኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ ከአንዲት ባልቴት ግቢ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን መኖር ጀመርን። እሷ ከዘንገና ሐይቅ አጠገብ ካለ የገጠር ቀበሌ የመጣች፣ ቁመቷ ከበሩ መቃን ጋር የሚጋጭ ልጅ ናት። በገባን በሁለተኛው ሳምንት የስፖርት መምህሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ አጠገብ አያት። ከላይኛው ጥግ የተላጠ ወረቀት ሳትንጠራራ በመዳፏ እየለጠፈች ነበር። ጠጋ ብሎ፣

«እጅሽን እስቲ ወደ ላይ ዘርጊው» አላት።

ዘረጋችው።

«ከነገ ጀምሮ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሜዳ ትመጫለሽ።»

«ምን ልሠራ?»

«እሱን ስትመጪ እነግርሻለሁ።»

ከዚያ ቀን በፊት የቅርጫት ኳስ በእጇ ነክታ አታውቅም። በዓመቱ መጨረሻ ግን ቡድኑ ማለት እሷ ነበረች። እኔ ቁመቴ ከትከሻዋ በታች ስለነበረ መጫወቱን አልሞከርኩትም፤ ነጥብ መዝጋቢ ሆንኩ። ልምምድ ላይም ግጥሚያ ላይም ደብተሬን ይዤ ሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። ማን ስንት አገባች፣ ማን ስንት ፋውል ሠራች፣ ሁሉንም እጽፋለሁ። በኋላ ውጤቱን በኮምፒውተር ጽፌ፣ አትሜ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እለጥፋለሁ። ተማሪው ከፈተና ውጤት ይልቅ የኔን ወረቀት የሚሻማበት ጊዜ ነበር።

እናቷን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየኋቸው። አንድ ቅዳሜ ከእንጅባራ ሚኒባስ ይዘው፣ ድንች በማዳበሪያ ተሸክመው፣ ሳይነግሩን መጡ። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ከጓደኛዬ በታች ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው። ከልጃቸው ጋር በአገውኛ፣ ከኔ ጋር ደግሞ ቀስ ባለ አማርኛ ያወራሉ። የዚያን ቀን ከአዲስ ቅዳም ከመጣ ቡድን ጋር ጨዋታ ስለነበረ ሜዳው ዳር ከኔ ጎን አስቀመጥኳቸው። ነጠላቸውን አገጫቸው ድረስ ተከናንበው፣ ሳይንቀሳቀሱ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደቆመ ሰው ዝም ብለው አዩ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ወደኔ ጎንበስ አሉና፣

«ልጄ፣ ያ ከረጢት ቂጡ የተቀደደ ነው መሰል። ያስገቡትን ሁሉ ይጥለዋል» አሉኝ።

«እንደዚያ ነው የሚሠራው፣ እማማ።»

«እንዲያ ነው?» ቅርጫቱን እንደገና አዩት። «እኔማ መርፌ ቢኖር ልሰፋላቸው ነበር።»

ሳቅሁ፤ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ማታ ማታ ምን እንደምትበላ፣ ታጠና እንደሆነ፣ ብርድ ይመታት እንደሆነ ጠየቁኝ። ሲሄዱ መናኸሪያ ድረስ ሸኘናቸው። ሚኒባሱ ውስጥ ከገቡ በኋላ በመስኮቱ እጄን ይዘው፣ «ይቺ ልጅ ሲከፋት አትናገርም። አንቺ እያት እንግዲህ» አሉኝ። «እሺ» አልኩ። እንዲህ ላለ ነገር ሁሉም ሰው እሺ ይላል።

በሁለተኛው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ የክልሉ ኮሌጆች ውድድር ባሕር ዳር ላይ ሊካሄድ ሆነ። የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድናችን ማጣሪያውን አልፎ ነበር፤ ያለፈውም በአንድ ነጥብ ነው። እጣው የወጣ ዕለት ወረቀቱን አትሜ ስለጥፍ ከኋላዬ የተሰበሰበው ሰው ሣቀ። መጀመሪያ የሚገጥሙት ባለፈው ዓመት ዋንጫ የወሰደውን ትልቅ ኮሌጅ ነበር።

«ዘንድሮ ለሽርሽር ነው የሚሄዱት» አለ አንዱ።

«ሐይቁን አይተው፣ አሣ በልተው ይመለሳሉ።»

«ለምን? ኳሱ ክብ አይደለም?» አለ ሌላው።

«ኳሱማ ክብ ነው። ጫማው ነው እንጂ የሌለው!»

እውነቱን ነበር። ቡድኑ ውስጥ ደህና የስፖርት ጫማ ያላቸው ልጆች ሰባት ብቻ ነበሩ። ተቀያሪዎቹ ሲገቡ ከምትወጣዋ ልጅ ጫማ ተቀብለው ነው፤ ዳኛ እስኪቆጣ ድረስ መስመሩ ዳር ተቀምጠው ክር ይፈታሉ፣ ክር ያስራሉ። ትልልቆቹ ኮሌጆች ጣሪያ ያለው አዳራሽ አላቸው፣ ሁለት ዓይነት ማሊያ አላቸው። የኛ ማሊያ አንድ ነው፤ ቀለሙ ከተጋጣሚ ጋር ከተመሳሰለ ገልብጠው ይለብሱታል።

ከሁሉም ደጋፊ ይልቅ ነገሩን ከልብ የያዙት የኮሌጁ ዘበኛ ነበሩ። ጋሼ እንላቸዋለን። የቀድሞ ወታደር ናቸው፤ ከበሩ ቤት ውስጥ ሬዲዮናቸውን ከፍተው ይውላሉ። ቡድኑ በኮሌጁ አሮጌ መኪና ሲሸኝ ኮፍያቸውን አውልቀው በሩን እስከ ጫፍ ከፈቱላቸው። ለዳይሬክተሩም እንደዚያ አይከፍቱም።

ጓደኛዬ በመኪናው መስኮት ብቅ ብላ ወደኔ ጮኸች፤ «ማታ ማታ እደውልልሻለሁ! እናቴም ከደወለች ደህና ነች በያት!»

እናቷ ስልክ አልነበራቸውም። የጎረቤት ስልክ ነበር የሚጠቀሙት፤ እሱም ኮረብታው ላይ ካልተወጣ አይሠራም።

የመጀመሪያው ቀን አሸነፉ። ያለፈውን ዓመት ባለዋንጫ፣ በስድስት ነጥብ። ጓደኛዬ ደውላ ስትነግረኝ አላመንኩም፤ ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። ወረቀቱን ስለጥፈው ሰዉ ቀልድ መሰለው። ጋሼ ግን በጣታቸው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እየነኩ አነበቡና፣ «ይሄማ ትክክል ነው» ብለው ወደ በራቸው ተመለሱ። በነጋታው ሌላውንም አሸነፉ፤ ሦስተኛውን ተሸንፈው በነጥብ አለፉ። እሑድ ደግሞ ሩብ ፍጻሜውን አሸነፉ። ከዚያ በኋላ ከተማው ሁሉ ያወራ ጀመር። ባጃጅ ውስጥ ስገባ ሹፌሩ ደብተሬን አይቶ፣ «አንቺ ነሽ ውጤቱን የምትለጥፊው? ረቡዕ ከማን ጋር ናቸው?» ይለኛል። ሻይ ቤት ስገባ ዝም ይባልልኛል። በሕይወቴ ሰው የኔን አፍ ጠብቆ ዝም ያለበት ሳምንት እሱ ብቻ ነው። ይህንን የምጽፈው ሰበብ ለማግኘት አይደለም፤ ስለነበረ ነው የምጽፈው።

ሰኞ ማታ ጓደኛዬ ስትደውል ድምፅዋ ሌላ ነበር።

«ዛሬ አንድ ሰውዬ መጥቶ ስሜን ጠየቀ» አለችኝ። «የአዲስ አበባ ክለብ አሰልጣኝ ነው አሉኝ። ግማሽ ፍጻሜውን አይቼ አናግርሻለሁ አለ።»

«ምን ሊያናግርሽ?»

«ምን አውቄ። ደሞዝ አለው ይላሉ ልጆቹ። አስቢው እስቲ፣ እየተጫወትኩ ደሞዝ!» ሳቀች። «ለእናቴ ገና አልነገርኳትም፤ ስልኩ አይገባም። አንቺ ሞክሪልኝ።»

ሞከርኩ፤ አልገባም።

በማግስቱ ማክሰኞ፣ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ኮምፒውተር ክፍል ተቀምጬ የረቡዕን ጨዋታ ማስታወቂያ በትልልቅ ፊደል እጽፍ ነበር። ጋሼ በር ላይ ቆመው ጠሩኝ።

«ሰው ይፈልግሻል። ከዘንገና ነው የመጡት።»

በሩ ጋ አንድ ሰውዬ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ነው። ጋቢያቸውን እንደ ሐዘንተኛ ማጣፋታቸውን ሳይ ነገሩ ገባኝ። አጎቷ ነበሩ፣ የእናቷ ወንድም።

«ልጃችን የለችም አሉኝ» አሉ።

«ባሕር ዳር ናት፤ ለውድድር ሄዳለች። ምን ሆነው ነው የመጡት?»

ወደ መሬት አዩ። «እናቷ ሌሊት አረፈች። ሆዴን ብላ ሦስት ቀን ተኛች፤ ትናንት እንጅባራ ጤና ጣቢያ ወስደናት ነበር። ንጋት ላይ አረፈች።»

ተቀምጬ ይሁን ቆሜ አላስታውስም። ጋሼ «እግዚኦ» ሲሉ ሰማሁ።

አጎቷ ቀጠሉ። ልጅቱ ትድረስ ብለው ቀብሩን ለረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት አድርገውታል። በስልክ ማርዳት ስለማይሆን ራሳቸው መጡ። አሁን ባሕር ዳር ናት ከተባለ ደግሞ እዚያው ድረስ ሊሄዱ ነው፤ ማታውን ይዘዋት ከተመለሱ ለቀብሩ ትደርሳለች። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የት ቦታ እንደሆነች እንድነግራቸው።

የት ቦታ እንደሆነች አውቅ ነበር። የተኙበትን ትምህርት ቤት፣ የክፍሉን ቁጥር፣ ከመናኸሪያው በየት በኩል እንደሚኬድ፣ ሁሉንም በስልክ ነግራኛለች።

ያኔ ምን እንዳሰብኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። የክለቡን ሰውዬ አሰብኩ፤ ነገ ካልተጫወተች አያያትም። እናቷ እንደሆኑ ሞተዋል፤ ልጃቸው ብትደርስም ባትደርስም አይነሱም፤ እሷ ግን ነገ ከተጫወተች ሕይወቷ ይቀየራል። እንዲህ አልኩ ለራሴ። ከዚያ ሥር ደግሞ ሌላ ሐሳብ ነበር፤ እሷ ከሌለች እንሸነፋለን። ኮምፒውተሩ ላይ ግማሹን የጻፍኩት ማስታወቂያ ዓይኔ ላይ መጣ። የትኛው ሐሳብ ቀድሞ እንደመጣ አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም።

«አያገኟትም» አልኳቸው። «ከውድድሩ በፊት ሰው አያገናኟቸውም፤ አንድ ቦታ ዘግተው ነው የሚያስቀምጧቸው። ቦታውንም በደንብ አላውቀውም። እርስዎ ደክመው፣ እዚያ አድረው፣ እርስዎም ለቀብሩ ሳይደርሱ ይቀራሉ።»

«በስልክ አለቃቸውን ብናገኘውስ?»

«ስልኩ አይሠራም።»

አጎቷ በትራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እንግዲያ መቼ ትመለሳለች?»

«ነገ ከተሸነፉ ሐሙስ ይገባሉ። ለሠልስቱ ትደርሳለች።» ከዚያም ጨመርኩ፤ «ትንሽ ኮሌጅ ነው የኛ። ይሸነፋሉ።»

አመኑኝ። ልጅቷ ስታወራላቸው የሰሙት ጓደኛዋ ነኝ፤ ለምን አያምኑኝም? «እንግዲህ ምን ይደረጋል» ብለው ወደ መናኸሪያው ተመለሱ። ቆሜ ጀርባቸውን ሳይ ጋሼ ከጎኔ ነበሩ።

«ስልኩ ጠዋት ይሠራ ነበር» አሉኝ።

ዓይኔን ከመንገዱ አላነሳሁም።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ያንቺ አይደለም። ቶሎ ብለሽ ጥሪያቸው፤ ገና መናኸሪያ አልደረሱም።»

«ነገ ጨዋታ አለ፣ ጋሼ።»

«አለ። እኔም እንዲያሸንፉ እፈልጋለሁ።» ኮፍያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ መቱት። «ጥሪያቸው ነው የምልሽ።»

አልጠራኋቸውም።

ማታ ጓደኛዬ ደወለች።

«እናቴን አገኘሻት?»

«ኔትወርክ የለም።»

«እዚያ ቀበሌ መቼም መከራ ነው! ካገኘሻት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንድትጸልይልኝ ንገሪያት። እሺ? ዘጠኝ ሰዓት።»

«እሺ።»

«ምን ሆነሻል? ድምፅሽ...»

«ጉንፋን ነው።»

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግቢው ሰው በሰው ሆነ። ትምህርት የለም፤ መምህራንም ወጥተዋል። እኔ የዘበኛው ቤት ደፍ ላይ ተቀምጬ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ይዣለሁ፤ ባሕር ዳር ያለችው ሌላዋ የቡድኑ ልጅ፣ እግሯን ታማ ወንበር ላይ የቀረችው፣ እየጮኸች ትነግረኛለች። እኔ ነጥቡን ስናገር አንድ ልጅ በጠመኔ በሩ ላይ ይጽፋል። ጋሼ የሉም። ውሃ ልቅዳ ብለው ወደ ጓሮ ሄደው ነበር፤ ጨዋታው እስኪያልቅ አልተመለሱም።

በግማሹ በስምንት ነጥብ ተመርተናል። ሦስተኛው ሩብ ላይ አራት ሆነ። የመጨረሻው ሩብ ላይ ልጅቷ በስልኩ ውስጥ ማልቀስ ጀመረች፤ እያለቀሰች ትናገራለች። «እሷ አገባች! አሁንም እሷ! ኧረ እሷ!» እያንዳንዱን ጊዜ «እሷ» ስትል ግቢው እልል ይላል። እኔ ደግሞ ሰዓቴን እያየሁ፣ አሁን ከቤት ወጥተዋል፣ አሁን ከቤተ ክርስቲያኑ ደርሰዋል፣ አሁን አፈር እየተመለሰ ነው እላለሁ። ጨዋታው ሲያልቅ በሁለት ነጥብ አሸንፈናል። ከሰላሳ ስምንት ነጥባችን ሃያ ሦስቱ የጓደኛዬ ነው።

ሰዉ አነሣኝ። ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ትከሻው ላይ አድርጎ ግቢውን አዞረኝ። ከታች እጃቸውን እያወዛወዙ የሚስቁትን ፊቶች አያለሁ፤ «አውርደኝ» እላለሁ፤ የሚሰማኝ የለም። ሲያወርደኝ ሮጬ ከወርክሾፑ ኋላ ሄድኩና ድንጋዬ ላይ ተቀመጥኩ።

እዚያ ቁጭ ብዬ ነው ሌላው ነገር የገባኝ። ለፍጻሜ ካለፉ የሚጫወቱት ዓርብ ነው። ሠልስቱም ዓርብ ነው።

ሐሙስ አጎቷ ከእንጅባራ ደወሉ። ቁጥሬን ከጋሼ ጠይቀው ወስደው ነበር።

«ልጅቱ የት ደረሰች?»

«አላለቀም፤ አሸንፈዋል። ነገ ደግሞ ፍጻሜ አለባቸው።»

የመኪና ጡሩንባ ይሰማኛል።

«ፍጻሜ» አሉ። «እንግዲህ ከተቀበረች ወዲህ ምን ያስቸኩላል። ጨርሳ ትምጣ። ሰውም የት ናት ብሎ መጠየቁን ትቷል።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ ተሸነፉ። ሃያ ነጥብ ልዩነት ነበር። ልጆቹ ዝለው ነበር፤ ጫማ መቀያየሩም አዳራሽ ውስጥ ተከልክሎ ስለነበር ሁለት ተቀያሪዎች በሸራ ጫማ ሲንሸራተቱ ዋሉ። ውጤቱን አልለጠፍኩም። ጠይቆኝ የተቆጣም አልነበረም፤ ተማሪው ሁለተኛ መውጣታችንን እንደ ዋንጫ ነው የቆጠረው። ማታ ሲገቡ ከመናኸሪያው እስከ ኮሌጁ ድረስ በጭፈራ ተቀበሏቸው። ጓደኛዬ አንገቷ ላይ ሜዳሊያ አጥልቃ፣ በእጇ ደግሞ ማንጎ የሞላ ፌስታል ይዛ ከመኪናው ወረደች። አቀፈችኝ። «ለእናቴ ነው» አለች ፌስታሉን ከፍ አድርጋ። «እኛ ጋ አይበቅልም። ነገ እወስድላታለሁ፤ ትሄጃለሽ አይደል አብረሽኝ?»

አጎቷ ከሁለት ሽማግሌዎችና ከንስሐ አባቷ ጋር ከተማ ገብተው ነበር። እስኪነጋ እንድትተኛ ተነጋግረዋል። እሷ ጎኔ ተኝታ ስለ ክለቡ ሰውዬ ስታወራልኝ፣ የቤት አድራሻ ተቀብሎኛል፣ በአንድ ወር ውስጥ ይጠራኛል እያለች ስትናገር፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እሰማ ነበር። በመካከሉ እንቅልፍ ወሰዳት።

ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። እሷ ናት ቀድማኝ የተነሳችው። በሩን ከፈተች። አራት ሰዎች ቆመዋል። በዚያ ሰዓት አራት ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው በርህን ሲያንኳኩ የመጡበትን ለማሳወቅ መናገር አያስፈልጋቸውም። አንድ በአንድ አየቻቸውና፣ «እናቴ ናት?» አለች፤ ሕፃን እንደሚጠይቅ፣ በቀስታ። ቄሱ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሲሉ ነው የጮኸችው። ባልቴቷ አከራያችን ራቁታቸውን ናቸው ለማለት ትንሽ እስኪቀር በሌሊት ልብሳቸው እየሮጡ መጡ። የማንጎው ፌስታል በመሃላችን ተረግጦ ነበር፤ ወለሉ ላይ የፈሰሰውን በኋላ ተመልሼ የጠረግሁት እኔ ነኝ።

ሚኒባስ ኮንትራት ይዘው መጥተው ስለነበር ወዲያው ተነሣን። እሷ ከፊት ወንበር በስተጀርባ በአጎቷና በቄሱ መሃል፣ እኔ ከኋላ። እስከ አዲስ ቅዳም አልቅሳ አልቅሳ ድምፅዋ ተዘጋ። አዲስ ቅዳም ላይ የከሰል ማዳበሪያ የጫኑ መኪናዎች መንገዱን ዘግተውት ቆምን። ሞተሩ ሲጠፋ ነው የጠየቀችው።

«መቼ ነው የተቀበረችው?»

«ረቡዕ» አሉ አጎቷ።

«ስንት ሰዓት?»

«ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነው።»

«ለምን አልጠራችሁኝም?»

«መጥቼ ነበር፣ ልጄ። ማክሰኞ ዳንግላ መጥቼ ነበር።»

ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ ወደኔም አልዞሩም። እሷ ግን ዞረች። ያበጠ ዓይኗን እኔ ላይ ተከለችው።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አልኩ።

«ማታ ስደውል?»

«አዎ።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትጸልይልኝ በያት ስልሽ?»

ቀስ ብላ ወደ ፊት ዞረች። መንገዱ ተከፈተና ሄድን። ከዚያ እስከ እንጅባራ፣ ከእንጅባራም በእግር እስከ ቤታቸው፣ አንድም ጊዜ አላየችኝም። ቤታቸው ስንደርስ ሁለቱ ወንድሞቿ ሮጠው እግሯ ላይ ተጠመጠሙ። ሴቶቹ ሊያነሷት ሲከቧት ለእኔ ቦታ አልነበረም፤ አጥሩ ዳር ቆሜ አለቀስኩ፣ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ተመለስኩ።

ስፖርት መምህሩ ነገሩን የሰማው ሰኞ ነው። ቢሮው ጠርቶ ሲያናግረኝ ይቆጣኛል ብዬ ነበር። «ብትነግሪኝ ኖሮ» አለ፣ «እኔ ራሴ መኪናውን አስነሥቼ አመጣት ነበር። ያን ሰውዬም ባናግረው ኖሮ ሌላ ቀን መጥቶ ያያት ነበር። እንዲህ አድርጊ ያለሽ ማን ነው?» ማንም እንዳላለኝ ነገርኩት። ፊቱን በመዳፉ አሸት አደረገና፣ «ሂጂ በቃ» አለኝ።

እሷ ወደ ክፍላችን አልተመለሰችም። ዕቃዋን የወሰደው ከሁለቱ ታናናሾቿ ትልቁ ነው። ትምህርቷን ለአንድ ዓመት አቋረጠች፤ ስትመለስ እኔ ጨርሼ እንጅባራ አንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጥሬ ነበር። ከክለቡ ተደውሎላት እንደነበረ ከሌላ ልጅ ሰማሁ። ወንድሞቼን የሚያይ ሰው የለም ብላ አልሄደችም። ኳስም ዳግመኛ አልነካችም አሉ። ስለ እሷ የምሰማው ሁሉ እንዲህ በሌላ ሰው አፍ ነበር። ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጻፍኩላት፤ አንዱንም አልላክሁትም።

ሰባት ዓመት ሊሞላ ሲል እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶ ከተማው በተማሪ ተሞልቶ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ወጥቼ በዩኒቨርሲቲው መንገድ በባጃጅ ስሄድ፣ አንዲት ረጅም ሴት በመንገዱ ዳር የቅየሳ መሣሪያ በሦስት እግሩ አቁማ በአንድ ዓይኗ ስታይ አየሁ። ሹፌሩን «አቁም» አልኩት። ወርጄ ግን መቅረብ ፈርቼ ጥቂት ቆምኩ። ቀና ስትል አየችኝ።

ተሳሳምን፤ በልማድ። ደህና ነሽ፣ ደህና ነሽ ተባባልን። የመንገድ ሥራ ላይ ናት። ትንሹ ወንድሟ አሥረኛ ክፍል ደርሷል። ሌላ የምንለው ሲያልቅ፣ ሳላስበው፣

«ይቅር በይኝ» አልኳት። «ሰባት ዓመት ሙሉ ልልሽ ነበር።»

መሣሪያው ላይ ያለውን አቧራ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ብዙ አስቤዋለሁ» አለች። «ብትነግሪኝ ምን አደርግ ነበር እያልኩ። ምናልባት እመጣ ነበር፤ ምናልባትም ጨዋታው የአንድ ሰዓት ጉዳይ ነው፣ ጨርሼ ልሂድ እል ነበር። እኔንጃ። ምን እንደማደርግ አለማወቄ ነው የሚያናድደኝ። እሱን አንቺ ነሽ የወሰድሽብኝ።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም» አለች፤ በቁጣ አይደለም። ከዚያ ወደ ዘንገና ሐይቅ አቅጣጫ እያየች፣ «በሚመጣው ወር ሰባት ዓመቷ ነው፤ ተዝካር እናወጣለን። ሰው ይበዛል፤ የሚያግዝ እንፈልጋለን» አለችኝ።

ጥሪ ይሁን አይሁን እርግጠኛ ሳልሆን ሄድኩ። ንጋት ላይ ደረስኩ። ማንም ምን ልትሠሪ መጣሽ አላለኝም፤ ከጓሮ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ተቀምጬ ሽንኩርት ላጥሁ፣ ሰሐን አጠብሁ፣ ውሃ ከምንጩ አመላለስኩ። አጎቷ አርጅተዋል፤ አጠገቤ ሲያልፉ ማንነቴን አላወቁም፤ ወይም አውቀው ዝም አሉ። እሷ እንግዳ ስታስተናግድ ዋለች። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ጓሮ ብቅ አለችና ያጠብኩትን ሰሐን ክምር አየች።

«እጅሽን ይበርድሻል» አለች። «ሞቅ ያለ ውሃ እሳቱ ጋ አለ፤ ጨምሪበት።»

ተነሥቼ ውሃውን አመጣሁ። ስመለስ ወደ እንግዶቹ ሄዳለች። ሰሐኑን አጥቤ ጨረስኩ፣ ደረደርኩት፤ ከመጨረሻዎቹ ሰዎች ጋር ወደ እንጅባራ ወረድኩ።